የጠበሉ ቧንቧና የጽጌ ግራ እጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩ የተበላሸ ምድጃና ማሞቂያ ሁሉ እኔ በር ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ሰው ማሞቂያውን እንደ ልጁ ይሳሳለታል፤ የተቃጠለበት ሰው ሐዘን የተቀመጠ ነው የሚመስለው። እግዜር ይስጣቸው፣ ሥራ አላስፈቱኝም። አንድ ነገር ብቻ ያናድደኛል። «ጋሽ ይልማ፣ እስቲ እዚህች ሽቦ ላይ ስንት ቮልት እንዳለ ይዩልኝ» ይሉኛል። አንዲት ሽቦ ላይ ብቻዋን ቮልት የሚባል ነገር የለም ብዬ ስጮህ፣ ጽጌ ከጓዳ ሆና «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በማሞቂያ ከሰው ልትጣላ ነው?» ትለኛለች። ጽጌ ባለቤቴ ናት። ይህን የምጽፈውም በእሷ የተነሣ ነው።

ቮልት የሁለት ቦታ ነገር ነው። ወፍ ሽቦ ላይ ተቀምጣ የምትዘፍነው ሁለቱም እግሮቿ እኩል ስለሆኑ ነው። አንዱን እግሯን ሌላ ሽቦ ላይ ብታሳርፍ ግን ወዮላት። በአንዱና በሌላው መካከል ልዩነት ሲኖር ነው ኤሌክትሪክ መንገድ የሚጀምረው፤ መንገዱ ላይ ሰው ቢቆም በሰውየው ውስጥ ያልፋል። ይህን ትምህርት ቤትም ነግሮኝ ነበር፤ ልቤ ውስጥ ያስገቡልኝ ግን ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ፋብሪካ ስቀጠር የጥገና ክፍላችን አንጋፋ እሳቸው ነበሩ። ያኔ ሽማግሌ መስለውኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ከአሁኑ እኔ በብዙ ያንሱ ነበር። በጋም ክረምትም የሱፍ ቆባቸውን አያወልቁም። የማሽን ክዳን ሲከፍቱ ከማየታቸው በፊት ያሸታሉ፤ የተቃጠለ የሞተር ጥቅልል ከርቀት ይለዩ ነበር። መለኪያ ሲይዙ ደግሞ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው የሚያውቁትን ቦታ ይለካሉ፣ ቀጥለው የሚፈልጉትን፣ ከዚያ ተመልሰው ያንኑ የመጀመሪያውን።

«ጋሽ ደምሴ፣ አሁን ለክተውት አልነበር?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«መካከል ላይ ሞቶ ቢሆንስ? የሞተ መለኪያ ሁሉንም ሰላም ነው ይልሃል» አሉኝ።

ቁጥር ይዤ እየሮጥኩ ስመጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ «ከምን እስከ ምን?» ሁለት መቶ ሃያ አልክ፤ ከምን እስከ ምን? ዜሮ አልክ፤ ከምን እስከ ምን? መልሱን ካላወቅሁ ቁጥሩን አይሰሙኝም፤ «ሂድና ተዋወቀው» ብለው ይመልሱኛል። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ አንኮበር ስንወርድ መኪናውን አፋፉ ላይ አስቆሙና አጠገባቸው አቆሙኝ።

«በእኔና በአንተ መካከል ስንት ቁልቁለት አለ?»

«ምንም የለም።»

«ታዲያ ከፍታ ላይ አይደለንም?»

ቆላው ከእግራችን ሥር ጭጋግ ለብሶ ተዘርግቷል። አንገቴን አስግጌ ወደ ታች አየሁ። «ያ ታች ያለው ሰው ይጠየቅ» አሉና ሳቁ። «ሁለት ሰው አብሮ ከወጣ እርስ በርሱ ሲተያይ ሜዳ ላይ ያለ ይመስለዋል።» ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከፋብሪካው በኋላ የውኃ ፓምፕ ጥገና ላይ ተመደብኩ። መዘዞ፣ ለሚ፣ ጎረቤላ፤ ፓምፕ ባለበት ሁሉ ይልማ አለ። ደመወዙ ሳይሞቅም ሳይበርድም አለፈ፤ የወረቀቱን ጣጣ ተዉት። አለቆች ብዙ አየሁ። ኤሌክትሪክ በጣም የሚፈራ አንድ አለቃ ነበረን፤ የፓምፕ ቤቱን በር በብዕሩ አንኳኩቶ «አለህ?» ካለ በኋላ ነው የሚገባው። ማንን እንደሚጠራ አናውቅም፤ እኔን ይሁን ኤሌክትሪኩን። ግን ደግ ሰው ነበር። ጽጌ የታመመች ጊዜ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ፈቃድ የሰጠኝ እሱ ነው።

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው የታመመችው። ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ ወደቀች፤ ስትሮክ ነው አሉን። እግሯ እያነከሰም ቢሆን ተመለሰ፣ አፏም ተመለሰ፤ ያውም የድሮው አፏ፣ ተመስገን። ግራ እጇ ግን ቀረ። ጣቶቿን በመጠኑ ታንቀሳቅሳለች፤ ስሜት ግን የለውም። ብትቆነጥጣት አታውቅም፣ ትኩስ ቢነካት አታውቅም። ጽጌ ልብስ ሰፊ ናት። ጨርቁን ከመርፌው ሥር እየመራ የሚያሳልፈው ግራ እጇ ነበር። «ዓይን እኮ አይደለም የሚሰፋው፣ ጣት ነው» ትል ነበር። የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ሐኪሙ «ታሠራው፤ ሻካራውንም ለስላሳውንም ታስነካው፤ ተስፋ አትቁረጥ» ብሎናል። እሷ ግን ማታ ማታ ቀኝ እጇ ግራውን እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፎ አያታለሁ። ያ እይታ አንጀቴን ይበላው ነበር።

እህቷ ወይንሸት ጎረቤላ ነው የምትኖረው። «ከእኛ ቁልቁል ኃይለኛ ጠበል አለ፤ የገባበትን ሁሉ ያንቀጠቅጣል፤ ከመዘዞ፣ ከለሚ ድረስ ሰው እየጎረፈ ነው» ብላ ደወለች። የጠበሉን ስም አልጠራም፤ ነገሩ ተስተካክሎ አልቋል። ምንጩ ከታች ገደል ሥር ነው። ለደካሞች ቁልቁለቱ ከበደ ተብሎ ምእመናን ተባብረው ፓምፕ አስገቡ፤ ውኃው በብረት ቧንቧ ላይ ወዳለው መጠመቂያ ይወጣል። ሰው ጫማውን ደጅ አውልቆ በባዶ እግሩ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ይቆማል፤ ቧንቧውን ጨብጦ ይሳለማል፤ ከዚያ ውኃው ይወርድበታል። ወንድ በአንድ በኩል፣ ሴት በሌላ በኩል፣ መካከሉ መጋረጃ ነው።

እኔ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ጽጌ ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ፣ ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ፣ እያነከሰች ወጣች። እየሮጠች ነበር ብል ይሻላል።

«ይልማ! እጄ! እጄ ተሰማኝ!»

«ምን ተሰማሽ?»

«ግራዬን አንሥቼ ቧንቧው ላይ አኖርኩት። ከጣቴ እስከ ክርኔ ነዘረኝ! በግራዬ! ሞቶ አልነበረም ማለት ነው፣ ይልማ፣ አልሞተም!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ወይንሸት መሬቱን ሳመች። እኔ ሽማግሌው ሰው ፊት አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ያን ቀን ጽጌ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ስፌት አወራች። ለወይንሸት ልጅ ሰርግ ቀሚስ እሰፋለሁ ብላ የጨርቁን ዓይነት መረጠች።

ከደስታዬ ሥር ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ጀመር። «ነዘረኝ» የሚለውን ቃል በሥራ ዘመኔ ስንት ሰው ነግሮኛል! የፓምፑ ገመድ በዚያ ቁልቁለት ድንጋይ ለድንጋይ እንደሚወርድም አይቻለሁ። መለኪያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ሐኪም የራሱን ቤተሰብ አያክምም ይባል የለ? ጋሽ ደምሴ ዘንድ ደወልኩ። ሽማግሌው አላመነቱም፤ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቆባቸውን ደፍተው ከች አሉ።

የጠበሉ አስተዳዳሪ መምሬ አክሊሉ መጠመቂያው አጠገብ ያለውን የፓምፑን ማብሪያ ቤት ከፈቱልን። ጋሽ ደምሴ አሸተቱ፤ የተቃጠለ ነገር የለም። የሚያውቁትን ለኩ፤ ደህና። ከዚያ ከቧንቧው እስከ መሬት ሽቦው ለኩ። መሬት ሽቦ የምንለው ከፓምፑ ወጥቶ፣ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር የሚታሰረው ነው፤ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ካለ በሰው ላይ ሳይሆን በእሱ በኩል እንዲሄድ። ዜሮ። ተመልሰው የመጀመሪያውን ለኩ፤ መለኪያው ሕያው ነው።

«ሰላም ነው፣ ይልማዬ። ልዩነት የለም። የጽጌን ነገር ለባለቤቱ ለእግዚአብሔር ተውለት» አሉኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ያቺን ዜሮ እንዴት እንደወደድኳት! በሕይወቴ እንደዚያ የወደድኩት ቁጥር የለም። ከምን እስከ ምን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም እኔም።

ከሰዓት ዝናቡ ወረደና መንገዱ ስለተበላሸ ጋሽ ደምሴ ከእኛ ጋር አደሩ። ጠዋት አገሩ ሁሉ ጨቅይቶ ወደ ጠበሉ ወረድን። ጽጌ ቸኩላለች፤ ሌሎቹን ሴቶች «እባካችሁ፣ ዛሬ ቀድሜ ልግባ» ብላ ለምና ገባች። ጥቂት ቆይቶ ጩኸት ሰማሁ። ሴቶቹ መጀመሪያ እልል አሉ፤ መንፈስ ጣላት ብለው። ቀጥሎ የወይንሸት ድምፅ መጣ፦ «ኧረ አትተነፍስም! ይልማ!»

ወደ እሷ አልሮጥኩም። እግሮቼ ወደ ፓምፑ ቤት ወሰዱኝ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን አወረድኩና ከዚያ ነው መጋረጃውን ገልጬ የገባሁት። ጽጌ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግታለች፤ ግንባሯ ተፈንክቷል። ስሟን እየጠራሁ አቀፍኳት። ዓይኗን ገለጠች።

«እዚህ ምን ትሠራለህ? የሴት ቦታ እኮ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በላይ ጣፋጭ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ወይንሸት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። እኔ አብሬ ልሄድ ስነሣ ጋሽ ደምሴ ክንዴን ያዙኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሌላ ሰው ሳይገባበት እንወቀው» አሉ። መምሬ አክሊሉ ሕዝቡን አርቀው አቆሙልን። አንድ አሮጌ ዶማ ለመንኩና ብረቱን እግር የሚቆምበት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አጋደምኩት፤ እርጥብ ጨርቅም ከሥሩ አደረግሁ። የመለኪያውን አንድ ጫፍ ዶማው ላይ፣ ሌላውን ቧንቧው ላይ አሰርኩና ራቅን። ጋሽ ደምሴ ፓምፑን አበሩ። ቁጥሩ ከሰባ በላይ ዘለለ።

«ስንት?» አሉ ከወዲያ።

«ሰባ ምናምን።»

«ከምን እስከ ምን?»

«ከእጅ እስከ እግር፣ ጋሽዬ።»

ፓምፑን አጥፍተን የመሬት ሽቦውን ተከትለን ዘንጉ ዘንድ ደረስን። የተተከለው ውኃ የማይዝ ኮረት ውስጥ ነበር፤ ጋሽ ደምሴ በሁለት ጣታቸው ነቀሉት። ገመዱ ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ፍቆት ቧንቧውን እየነካ ነው፤ የሌሊቱ እርጥበት ደግሞ ማምለጫውን አስፍቶለታል። ኤሌክትሪኩ ቧንቧው ላይ ሲወጣ የመሬት ሽቦውም መውረጃ አጥቶ አብሮት ወጥቷል። ሁለቱ እንደዚያ የአንኮበር አፋፍ ላይ እንደቆምነው ሰዎች እኩል ከፍ ብለው፣ እርስ በርሳቸው ሲለኩ ዜሮ ናቸው። ታች ያለው፣ እርጥቡ ላይ በባዶ እግሩ የቆመው ሰው ነው ከፍታውን የሚያውቀው። ጋሽ ደምሴ ኮረቱ ላይ ቁጭ አሉ፤ ቆባቸውንም አወለቁ። ያለ ቆብ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«መሬት ሽቦ ስለተባለ መሬት ነው ብዬ አመንኩት፤ ስሙን አመንኩት፣ ይልማ። ዕድሜ ልኬን ስጮህበት ኖሬ ሰው ልገድል ነበር።»

ጎናቸው ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ነን ያጠፋነው ብላቸው አይሰሙኝም፤ ስለዚህ አቀፍኳቸው።

መምሬ አክሊሉ ዶማውን ይዘው ቆመው ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ያዝኑብኛል፣ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ጠበሉን በሰው ዘንድ ያስጠራው ያ መንቀጥቀጥ ነውና። እሳቸው ግን ጢማቸውን ያዝ አድርገው አሰቡና፣ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኼ ነው ልጄ። የእግዜር ሥራ ሰው አይገድልም። የሚገድለውን አውጡልኝ፤ የቀረው የእሱ ነው» አሉ። ወጥተውም ለሕዝቡ ሁሉንም አንድ ሳይደብቁ ነገሩ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

ለጽጌ መንገር ግን የእኔ ዕዳ ነበር። ግንባሯ ታሽጎ የወይንሸት አልጋ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ጋሽ ደምሴ ከእኔ ቀድመው ገብተው ከአልጋው ሥር ተንበረከኩ።

«ጽጌ ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

«ኧረ በወላዲቷ፣ ይነሡ ጋሽ ደምሴ! ምን ሆነዋል?»

እሳቸው አልተነሡም። እኔ ጀመርኩ። ስለ ገመዱ፣ ስለ ኮረቱ፣ ስለ ቧንቧው ነገርኳት። እጅሽን የነዘረሽ ጠበሉ አይደለም፣ ፓምፑ ነው አልኳት። ይህን ስል ያቺ ለሰርጉ የመረጠችው ጨርቅ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። በዚያ ደስታዋ ላይ ውኃ የምቸልሰው እኔ መሆኔ አንገበገበኝ።

ግራ እጇን በቀኟ አንሥታ አየችው።

«እና ኤሌክትሪክ ነበር?»

«አዎ፣ የኔ ዓለም።»

«የእውነት ኤሌክትሪክ?»

«የእውነት።»

«ታዲያ እጄ አልዋሸም!» አለች። «ምን አስለቀሰህ? ቧንቧው ነው የዋሸው እንጂ እጄ መቼ ዋሸ? ኤሌክትሪክ ነካው፣ እሱም ተሰማው። የሞተ እጅ ይሰማዋል?»

እኔና ጋሽ ደምሴ ተያየን። ስንት ዓመት ከኤሌክትሪክ ጋር የኖርን ሁለት ሰዎች ይህ አልታየንም። ያው ሐኪሙም በኋላ ስንጠይቀው፣ «ነርቩ ጨርሶ አልተበጠሰም ማለት ይሆናል፤ ግን በኤሌክትሪክ እንዳትሞክሩት፣ ስፖርቱን አጥብቃ ትሥራ» አለን። ጽጌም፣ «ስማ፣ ለአንተ ነው የተነገረው» አለችኝ።

ፓምፑን እንደ ገና ሠራነው። ገመዱን ቀየርን፤ ድንጋይ እንዳይነካውም ቱቦ ውስጥ አስገባነው። ዘንጉን ምንጩ አጠገብ እርጥብ አፈር ውስጥ አጥልቀን ቀበርነው። ትንሽ እንኳ ሲያመልጥ ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ጨመርን። መጠመቂያው ወለል ሥር የብረት መረብ ዘርግተን ከቧንቧው ጋር አሰርነው፤ ምንም ቢመጣ እጅና እግር እኩል እንዲሆኑ። ጋሽ ደምሴ ያችን ወለል ጥግ ከጥግ ለኳት። ወገባቸውን እያመማቸው ጎንበስ ብለው፣ ከዚህ እስከዚህ፣ ከዚያ እስከዚያ እያሉ። ላግዝዎት ብላቸው እምቢ አሉ።

ሁሉ ሲያልቅ የሚገባ ሰው ጠፋ። ያ ሁሉ ሕዝብ ደጅ ቆሞ ቧንቧውን በሩቁ ያያል። ጽጌ ጫማዋን አወለቀች።

«አንቺ! ሌላ ሰው ይሞክረው፤ ቁስልሽ እንኳ አልደረቀም» አልኳት።

«ባሌ የሠራውን እኔ ካልገባሁበት ማን ይገባበታል?» ብላኝ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ውኃው ሲወርድ ይሰማኛል። ሌላ ድምፅ የለም። አልቻልኩም፣ ጮህኩ፦ «ጽጌ! ምን ይሰማሻል?»

«ይበርዳል!»

«በየትኛው እጅሽ?»

ሴቶቹ ሳቁብኝ።

«በቀኜ» አለች ጽጌ። «ግራውን ነገ እጠይቀዋለሁ።»

በማግስቱ ጠየቀችው፤ በሚቀጥለውም ቀን። ሱባዔው አልቆ ደብረ ብርሃን ከተመለስን በኋላም ሐኪሙ እንዳዘዘው ጤፍ ውስጥ እየከተተችው፣ የበግ ፀጉር እያስነካችው፣ በሞቀና በቀዘቀዘ ውኃ እየነከረችው ስትጠይቀው ከረመች። የወይንሸት ልጅ ሰርግ አለፈ፤ ቀሚሱን ሌላ ሰው ሰፋው። ጽጌ ያን ቀን ጓዳ ገብታ አልቅሳለች። እኔም ጡረታ ወጣሁ።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንነሣ የሸሚዜን ቁልፍ ልትቆልፍልኝ ፊቴ ቆመች። በቀኟ ቁልፉን ይዛለች፤ ግራው ደረቴ ላይ ነው፣ ሸሚዙን እንዲይዝላት። በመካከል እጆቿ ቆሙ። ምነው ብዬ ሳያት ዓይኗ ግራ እጇ ላይ ነው።

«ይልማ» አለችኝ፣ በሹክሹክታ፤ «ልብህ እየመታ ነው።»